የሰማይ ፎቶግራፎች ቀለም፡- እውነት ወይስ ቅብ?



ከእጅ ወደ እጅ፣ ኋላም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የኖረ አንድ የሰማይ ምስል አለ። መሐሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ተደራራቢ ቅጠሎች ያሉት አበባ የሚመስል ነው። ስሙ የድመት ዓይን ኔቡላ ይባላል። ብዙ ሙስሊሞች ይህን ምስል በሱረቱ-ር-ረሕማን 37ኛው አንቀጽ ከተጠቀሰው ጽጌረዳ ጋር እያያያዙ አሰራጭተውታል። እኛም በምናስተምርበት ክፍል ተማሪዎች ይህንኑ ምስል ይዘው ይመጡና ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልናል። አንዳንዶቹ «ኡስታዝ፣ ይህ በቁርኣን የተጠቀሰው ጽጌረዳ አይደለም እንዴ?» ይሉናል። ሌሎቹ ደግሞ «ቲቸር፣ ቀለሙ በኮምፒዩተር የተደረገ ነው ይባላል፤ እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው ማለት ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ሁለቱም ጥያቄዎች በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። እምነቱን በአንድ ፎቶግራፍ ቅላት ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ያ ቅላት እንዴት እንደተሠራ በሰማ ቀን ልቡ ሊናወጥ ይችላል። ሁሉንም «ቅብ ነው» ብሎ የጣለው ደግሞ ትክክለኛውን ዕውቀትም አብሮ ይጥለዋል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የሩቅ ሰማይ ፎቶግራፎች ቀለም ከየት እንደሚመጣ፣ በቤታቸው ጓሮ ሆነው ሰማይን የሚያነሱ አማተር ፎቶ አንሺዎች እንዴት እንደሚያወጡት፣ እንዲሁም ታማኝነቱና ማታለሉ የት ላይ እንደሚለያዩ በቅደም ተከተል ለማየት እንሞክራለን።

ዓይናችን በጨለማ ቀለም ለምን አያይም?

በቅድሚያ ስለ ራሳችን ዓይን እንነጋገር። በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ ሾጣጣ ሕዋሳት ሲባሉ በቁጥር ጥቂት ሚሊዮን ናቸው። በሦስት ዓይነት ተከፍለው ቀለምን የሚለዩልን እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ለመሥራት በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ። ሁለተኞቹ ዘንግ መሰል ሕዋሳት ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ90 ሚሊዮን ይበልጣል። እነዚህ በጭላንጭል ብርሃን እንኳ ይሠራሉ፤ ይሁን እንጂ ቀለም መለየት አይችሉም። በጨረቃ ብርሃን ቀይ ጨርቅና አረንጓዴ ጨርቅ ሁለቱም ግራጫ መስለው የሚታዩን በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በመነሳት አንድ ነገር እንረዳለን። ሰው በቴሌስኮፕ ኔቡላን ቢመለከት አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ይህ ማለት ግን ኔቡላው ቀለም የለውም ማለት አይደለም። ቀለሙ አለ፤ የደከመው የእኛ ዓይን ነው። ካሜራ ከዓይን የሚለየው ብርሃንን ለደቂቃዎችና ለሰዓታት እያጠራቀመ መያዝ በመቻሉ ነው።

ካሜራ ቀለምን እንዴት ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ1861 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ ባለ ቀለም ጥብጣብን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በጥቁርና ነጭ አስነሥቶ፣ ሦስቱን ምስሎች በየማጣሪያቸው አንድ ላይ በማንጸባረቅ ባለ ቀለም ምስል አሳየ። ዛሬም ያለው አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር በራሱ ቀለም አያውቅም፤ የሚቆጥረው የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚለየው በላዩ ላይ በተነጠፉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆን ከየአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱም ሰማያዊ ናቸው። ይህን አደራደር የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! የልጆቻችን የልደት ፎቶም ሆነ የጋላክሲ ፎቶ ከሦስት የቁጥር ሠንጠረዦች የተሠራ ነው። «ቀለሙን ኮምፒዩተር ነው ያወጣው» የሚለው አነጋገር ለሁሉም ዲጂታል ፎቶ እውነት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ኮምፒዩተር ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም የሚል ሳይሆን፣ የገባው በምን ደንብ ነው የሚል መሆን አለበት።

የጋዝ ደመና የሚያበራው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ በቴሌስኮፑ ላይ ፕሪዝም ያለበት መሣሪያ ገጥሞ ይህንኑ የድመት ዓይን ኔቡላን ተመለከተ። የከዋክብት ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል። ኔቡላው ግን ያሳየው ጥቂት ነጠላ መስመሮችን ብቻ ነበር። ይህም ነገሩ የከዋክብት ክምችት ሳይሆን የሚያበራ ጋዝ መሆኑን አረጋገጠ። ከመስመሮቹ ዋነኛው አረንጓዴ ሲሆን በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ስላለ «ኔቡልየም» የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ነው እስከ መባል ደርሶ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ አይራ ቦወን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ኦክስጅን መሆኑን ገለጠ። የምንተነፍሰው አየር አካል የሆነው ያው ኦክስጅን ማለት ነው።

እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ የቀለም ፊርማ አለው። የሃይድሮጅን ዋና ብርሃን 656.3 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ደማቅ ቀይ ነው። የዚያ ኦክስጅን ብርሃን 500.7 ናኖሜትር ሲሆን በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ይገኛል። የድኝ ብርሃን 672 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ያለ ጥልቅ ቀይ ነው። የከዋክብት ቀለም ደግሞ ሙቀታቸውን ይናገራል። በኦሪዮን፣ ዐረቦች አል-ጀውዛእ በሚሉት የኮከብ ጭፍራ፣ ቤቴልጂዩዝ የተባለው ኮከብ ወደ 3,500 ኬልቪን የሚሆን የገጽ ሙቀት ስላለው ወደ ቀይ ያደላል። ራይጀል ደግሞ ወደ 12,000 ኬልቪን ስለሚደርስ ነጭ-ሰማያዊ ነው። ራይጀል የሚለው ስም «ሪጅል»፣ ማለትም እግር፣ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ መሆኑን ዐረብኛ የቀሩ ልጆቻችን ወዲያውኑ ይገነዘቡታል። ቤቴልጂዩዝም «የድ አል-ጀውዛእ» ከሚለው ስያሜ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያዋ ፊደል በቅጂ ተሳስታ «ባእ» ተብላ በመነበቧ ነው እንዲህ የሆነው።

ከሌሊቱ ፎቶ እስከ ተጠናቀቀው ምስል

አንድ አማተር የኦሪዮንን ኔቡላ ማንሳት ፈለገ እንበል። ይህ ኔቡላ ከሦስቱ የወገብ ከዋክብት ዝቅ ብሎ በሰይፉ ላይ የሚገኝ ሲሆን ከምድር ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ መደራረብ። አንድ ፎቶ ብቻ ሲነሣ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ ያንኑ ቦታ በአስሮችና በመቶዎች ጊዜ አንስቶ አማካዩን ያወጣል። ትርፉም በሒሳብ የታወቀ ነው፤ 4 ፎቶ ከ1 ፎቶ 2 እጥፍ፣ 100 ፎቶ ደግሞ 10 እጥፍ የጠራ ውጤት ይሰጣል። ከዚህ ጋር ሌንሱን ከድኖ ያነሣቸው ጨለማ ፎቶዎችና ወጥ ብርሃን ላይ ያነሣቸው ፎቶዎች ይኖሩታል፤ በእነርሱም የካሜራውን እንከንና የሌንሱን አቧራ ጥላ ከምስሉ ላይ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የመንገድ መብራትን ቀለም ማውጣት። የከተማ መብራት ሰማዩን ስለሚያቀልመው በአንድ ጥግ ብርቱካናማ፣ በሌላው ጥግ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ ከውጭ የተጨመረ ብርሃን በመሆኑ መፍትሔው መቀነስ ነው።

ሦስተኛ፣ ሚዛን መጠበቅ። ሴንሰሩ ሦስቱን ቀለሞች እኩል አይቀበልም፤ አየሩም ሰማያዊውን ብርሃን ይበትናል። ስለዚህ ሦስቱ ሠንጠረዦች በተገቢው ቁጥር መባዛት አለባቸው። ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ፎቶ አንሺው «ለዓይኔ ደስ ያለኝን» ብሎ አይወስንም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጠቃት ጋያ የተባለች መንኮራኩር ከ1.8 ቢሊዮን በላይ የሰማይ አካላትን መዝግባለች። እንደ ሲሪል ያሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች በፎቶው ውስጥ ያሉትን ከዋክብት ለይተው ከመዝገብ ጋር ያመሳክሩና ሚዛኑን በዚያ ልክ ያስተካክላሉ። ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ድንጋይ እንደሚያረጋግጠው ማለት ነው።

አራተኛ፣ ማጉላት። የኔቡላው ብርሃን ከጨለማው እምብዛም ስለማይርቅ ደብዛዛውን ክፍል ከፍ አድርጎ ማሳየት ግድ ይሆናል። ይህ በጥንቃቄ ካልተሠራ ደማቆቹ ከዋክብት ሁሉ ነጭ ይሆኑና ቀለማቸው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሮበርት ላፕተንና ባልደረቦቹ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ ሳይሆን በጋራ ብርሃናቸው መሠረት ከፍ የሚያደርግ የሒሳብ ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ዘዴ በሦስቱ መካከል ያለው ንጽጽር ስለሚጠበቅ ቀይ ኮከብ ቀይነቱን፣ ሰማያዊውም ሰማያዊነቱን እንደያዘ ይቆያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንጨምር። የመጀመሪያው፣ ብዙ ተራ ካሜራዎች ከሴንሰራቸው ፊት ያለው መስታወት የሃይድሮጅኑን ጥልቅ ቀይ አብዛኛውን ያግደዋል። በዚህ የተነሳ በእነርሱ የተነሣ ኔቡላ ቅላቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ አማተሮችም ያንን መስታወት ያስነሱታል። ሁለተኛው፣ ለዓይናችን አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ኮከብ አይገኝም፤ ምክንያቱም አረንጓዴ ብርሃን በብዛት የሚሰጥ ኮከብ ቀዩንና ሰማያዊውንም አብሮ ስለሚሰጥ በድምሩ ነጭ ይሆናል። በመሆኑም በከዋክብት ላይ አረንጓዴ ከታየ የሚዛን ጉድለት ነው። ታዲያ አንዳንዱ አረንጓዴን በሙሉ በአንድ ቁልፍ ይደመስሰዋል። እንዲህ ሲሆን የኦክስጅኑ እውነተኛ ብርሃንም አብሮ ሊደመሰስ ይችላል። የሚጠፋውን ከሚቀረው ለመለየት ዕውቀት ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት ቀለም

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተፈጥሯዊ ቀለም ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱም የተመደበ ቀለም ነው።

ከላይ እንዳየነው ሃይድሮጅንና ድኝ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ልዩነታቸው 15 ናኖሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ዓይናችን ሊለያቸው አይችልም። ተመራማሪው ግን ድኙ የት፣ ሃይድሮጅኑ የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጋዝ ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ ለየብቻ ያነሣና የተለያየ ቀለም ይመድብላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሡት ዝነኛው «የፍጥረት ምሰሶዎች» ምስል እንዲህ የተሠራ ነው። በእርሱ ድኝ ቀይ፣ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ሆነው ተመድበዋል። ዛሬ አማተሮችም ይህንኑ አመዳደብ በብዛት ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ በአብዛኛው ለሰው ዓይን ፈጽሞ የማይታይ ብርሃን ስለሚቀበል፣ ረጅሙ ሞገድ ቀይ፣ አጭሩ ሰማያዊ እየተደረገ ይቀርባል።

ይህ ማታለል ነውን? አይደለም። በካርታ ላይ ደጋው ቡናማ፣ ቆላው አረንጓዴ ተደርጎ ሲቀባ ካርታው ዋሸ አንልም፤ በጥጉ ላይ መፍቻው አለና። የተመደበ ቀለምም እንዲሁ ነው። መፍቻው እስካለ ድረስ ዕውቀት ነው፤ መፍቻው ከጠፋ ግን ተመልካቹ ያልሆነውን ነገር እንደሆነ አድርጎ ይወስዳል።

ስለዚያች «ጽጌረዳ»

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ጥያቄ እንመለስ። በብዛት የተሰራጨው የድመት ዓይን ምስል ሀብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994 ያነሣውና በ1995 ይፋ የሆነው ነው። ምስሉ ሲወጣ መፍቻው አብሮ ተሰጥቷል። በዚህም መሠረት ሃይድሮጅን (656.3 ናኖሜትር) ቀይ፣ ኦክስጅን (630 ናኖሜትር) ሰማያዊ፣ ናይትሮጅን (658.4 ናኖሜትር) አረንጓዴ ተደርገዋል።

ቁጥሮቹን አስተውሉ! ሦስቱም በተፈጥሯቸው ቀይ ብርሃን ናቸው። በምስሉ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በእውነቱ ቀይ ነው። በሌላ በኩል የኔቡላው ዋነኛ ብርሃን፣ ሀጊንስ በ1864 ያየው አረንጓዴው የኦክስጅን መስመር፣ ከእነዚህ ሦስት ማጣሪያዎች ውስጥ አልተካተተም። ለዚህም ነው ይህንኑ ኔቡላ በቴሌስኮፕ በዓይናቸው የሚያዩ ሰዎች ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ነው የሚሉት። ያው ሀብል ቴሌስኮፕ በ2004 በወጣ ሌላ ምስሉ በሌላ አመዳደብ ሲያሳየው መልኩ ከመጀመሪያው በጣም የተለየ ሆኗል። ስለዚህ የዚያ ምስል ቅላት የተመራማሪዎች ምርጫ ነው፤ ምርጫቸውንም አልደበቁም። መፍቻውን የጣለው ምስሉን ያስተላለፈው ሰው ነው።

የተጠቀሰው የቁርኣን አንቀጽስ? አንቀጹ ሰማይ ስለሚሰነጠቅበት ቀን የሚናገር ነው፤ ተከትለውት የሚመጡት አንቀጾችም ስለ ቂያማ ቀን ሁኔታ ይገልጻሉ። ኔቡላው ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ኮከብ የውጭ አካሉን ወደ ጠፈር ሲለቅ የተፈጠረ ነው፤ እንዲህ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ኔቡላዎች ይታወቃሉ። የአላህ ቃል በአንድ ፎቶግራፍ ቀለም መደገፍ አያሻውም። በማይጸና ነገር ላይ ማስደገፉ የሚጎዳው ቃሉን ሳይሆን የተደገፈውን ወጣት ነው። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው የዲናችን ትእዛዝ ደስ የሚያሰኘንን ወሬም ይጨምራል።

ቀለም ያወጣው እውነት

በአንጻሩ፣ ቀለምን በትዕግሥት ማጥናት ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ምሳሌ እንጥቀስ። በፋርስ የኖረው የሙስሊሙ ዓለም የሥነ ፈለክ ሊቅ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ውስጥ በአንድሮሜዳ ጭፍራ ያለችን «ትንሽ ደመና» መዝግቧል። ይህች ደመና ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ጋላክሲ መሆኗ ይታወቃል። በብዙ ሰዎች በተደጋጋሚ ከተነሡ የሰማይ አካላት አንዷ እርሷ ናት፤ እናም ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይገኝባትም የተባለች ትመስል ነበር።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 ያን ሳንቲ የተባለ ፈረንሳዊ አማተር፣ ከማርሴል ድሬክስለርና ከዛቪዬ ስትሮትነር ጋር በመሆን፣ የኦክስጅኑን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ አካባቢዋን ለብዙ ሌሊቶች አነሣ። ጠቅላላው ሥራ ከ100 ሰዓት በላይ የፈጀ ነበር። ምስሎቹ ሲደራረቡ ከጋላክሲዋ አጠገብ ማንም ያልመዘገበው ትልቅ ሰማያዊ ቅስት ታየ። እነርሱም ወዲያው አላወጁም። «የካሜራው እንከን ቢሆንስ? ነጸብራቅ ቢሆንስ?» ብለው ሌሎች ሰዎች በሌላ መሣሪያ እንዲያነሡት አደረጉ። ቅስቱ በእነዚያም ላይ ታየ። በ2023 መጀመሪያ ከተመራማሪዎች ጋር ግኝቱን አሳተሙ፤ ምስሉም በዚያው ዓመት የግሪንዊች ሮያል ኦብዘርቫቶሪ ውድድር አጠቃላይ አሸናፊ ሆነ። የቅስቱ ምንነት እስካሁን ያከራክራል፤ መኖሩ ግን ተረጋግጧል።

እነዚህ ሰዎች ለዓይናቸው ደስ ይበለው ብለው ሰማያዊ ቀለም ቢጨምሩ ኖሮ ማንም አያምናቸውም ነበር። የታመኑት ያዩትን ነገር ሌላው ደግሞ ሊያየው በመቻሉ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

በመጨረሻም የሰማይ ምስል ሲደርሰን ልጆቻችን እንዲጠይቁ ልናስለምዳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። ምስሉን ማን አነሣው? በየትኞቹ ማጣሪያዎች ተነሣ? ቀለሙ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ የተመደበ? ሌላ ሰው አንስቶት ተመሳሳይ ነገር አግኝቷልን? ዛሬ በቃል ትእዛዝ ብቻ ያልነበረን ኔቡላ የሚሥሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስላሉ እነዚህ ጥያቄዎች ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልጋሉ።

ለመማር ደግሞ ውድ ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች የኦሪዮን ጭፍራ በአገራችን ሰማይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጆቻችንን ይዘን መብራት ወደሌለበት ጥግ እንውጣ፤ ቤቴልጂዩዝንና ራይጀልን እያፈራረቁ እንዲመለከቱ እናድርግ። አንዱ ወደ ፍም፣ ሌላው ወደ በረዶ የሚያደላ መሆኑን በገዛ ዓይናቸው ይለያሉ። ካሜራ ያለው ደግሞ ሌንሱን ሆን ብሎ ትንሽ ቢያደበዝዘውና ቢያነሣ ኮከቦቹ ሰፋ ብለው ቀለማቸው ይበልጥ ይወጣል። ያ ቀለም ማንም ያልመደበው፣ ኮምፒዩተርም ያላወጣው ነው። ልጆቻችን ይህን አንዴ በዓይናቸው ካዩ በኋላ የቀረውን ምስል በምን መመዘን እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ወላሁ አዕለም።